አሥራ አንድ ሴንቲ

ከጡብ ጀመርን።
አንድ ቀይ ጡብ ነው፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣
ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከአጥር ሥራ የተረፈ።
ማስተዋል አምጥታ ከእግሬ ፊት አኖረች፣
"ይህን ይሻገሩ፣ ጋሼ ቢያድግልኝ" አለች።

አርባ ዓመት በሜትር ሰው ስለካ የኖርሁ፣
ትከሻ አይቼ ስንት ጨርቅ እንደሚፈጅ የምናገር ነበርሁ፤
ጡቡንም ለካሁት፣ በዓይኔ፣ ልማድ ነው፦
አሥራ አንድ ሴንቲ።
የሸሚዝ ኪስ አፍ ነው።

ቀኙ ተሻገረ። ግራውን ጠራሁት።
ዝም።
ደግሜ ጠራሁት።
የሌላ ሰው እግር፣ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ
ልኩን ሳይነግረኝ የቀረ ተኝቶ።

ስትሮክ የመታኝ ለት ከሲንጀሬ ፊት ነበርሁ፤
ፔዳሉ ቀጥ ሲል ብረቱ የዛገ መስሎኝ
"ዘይት አምጣ!" ብዬ ልጁ ላይ ጮኽሁ።
ቃሉ ግን ተጣሞ፣ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ወጣ ከአፌ፤
እጅጌው ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ፣ እንደተወጋ ቀረ በመርፌ።

ከዚያማ ጠያቂ! ከቸቸላ፣ ከአዘዞ፣ ከማራኪ፤
ሙዙን ያስቀምጣል፣ ወንበሩን ይስባል፣
ትንሽ ያዝንልኝና "ቀስ በቀስ እንቁላል..." ይላል።
እኔ ደግሞ ሌሊት፣ ጣራ ጣራ እያየሁ፦
እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ማን ጡብ ደቀነበት?
"ተረከዝ ይቅደም!" ብሎ ማን ጮኸበት?

በግራ በኩል ዓለም ተቆርጣ ነበር።
የሳህኑን ግራ ሳልነካ እነሣለሁ፣
አጸዱ "ወጤን ጠላው" ብላ ታኮርፋለች።
አልጠላሁም። አላየሁም።
ማስተዋል ይህን ስትሰማ ከግራዬ ቆመች፣
እጇን እያጨበጨበች፦
"ወደ ድምፄ ይዙሩ። እግርዎን አይዩት፣
ሁለት እርምጃ ፊት ይዩ።"
ጡቡ ሁለት ሆነ። ገመድ ተጨመረ። ቢጫ ጀሪካን፣
የመድኃኒት ካርቶን።
አንዳንዱን ተሻገርሁ፣ አንዳንዱን ዞርሁት፣
ካርቶኑን ረገጥሁት።
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ በግማሽ ፊቴ።

ማታ ማታ ሜትሬን መሬት ላይ አነጥፋለሁ፣
ስንት ሙሽራ ወገቡን የታጠቀበትን፣
እርምጃዬን እለካለሁ፦
ሃያ ሁለት። ሃያ አራት። ቅዳሜ ሠላሳ።
እሑድ ተመልሶ ሃያ።

በአምስተኛው ወር፣ ሐሙስ ጧት፣ ፒያሳ ወረድን።
እዚያ ጡብ የሚደረድርልህ የለም፤
መንገዱ ራሱ ይደረድራል፦
የተነቀለ ኮብልስቶን፣ አፉን የከፈተ ቦይ፣
ከፖስታ ቤቱ ጥግ ሎተሪ አዟሪው ከነጠረጴዛው፣
ጭድ የጫነች አህያ፣ ከመንገዱ የሰፋች፣
እና ባጃጅ፤ በግራ፤ ሁልጊዜ በግራ።
ድሮ "እግሬ አውጪኝ" ብዬ ስንቴ አውጥታኛለች፣
ዛሬ እኔ ነኝ የማወጣት፣ እንደ ልጅ፣
በከዘራ፣
"አይዞሽ፣ ነይ፣ ትንሽ ነው፣ ነይ" እያልሁ።
ጃንተከል ሥር ቆመን ተነፈስን። ዋርካው ሥሩን ዘርግቶ
ስንቱን መንገደኛ ያደናቅፋል፤ ማንም አይቀየመውም።

ከሱቄ ደጃፍ፣ ፀሐይ ከምታርፍበት ደረጃ ላይ፣
ቡላ ውሻ ተጋድሟል።
ድሮ ቢሆን "ክላ!" ነበር።
ለካሁት። አሥራ አምስት። ሲተነፍስ አሥራ ሰባት።
እስኪያስወጣ ጠበቅሁ።
ቀኙ ዐለፈ። ግራዪቱን ከጉልበት፣ ከጭን፣ ከሆዴ ሳብኋት፤
ጥላዋ ጎድኑ ላይ ዐረፈ፣ ከዚያ ተረከዟ መሬት።
ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነቃም፤
ሕልሙን አልቆረጥሁበትም።

ማስተዋል አላጨበጨበችም። ትንፋሿን ይዛ ነበር።
ኮራ ብዬ፣ ላያት ዞር ስል፣
የገዛ ሱቄ ደፍ አደናቀፈኝ።
ልጁ ያዘኝ።

ሦስት ሴንቲ ነው።
አርባ ዓመት ስገባ ስወጣ አልለካሁትም።